«በሰላም አድረዋል» ብሎ የሚጽፈው ማን ነው?

ይህን ጽሑፍ የምጀምረው በራሴ ጥፋት ነው። ባለፈው ክረምት መጨረሻ ላይ፣ የሥነ ልቡና ትምህርት የሚከታተል አንድ ጓደኛዬን ለመርዳት፣ በከተማችን በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ጥቂት ሌሊቶች ተቀምጬ አድሬ ነበር። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። በየሩብ ሰዓቱ በስድስት አልጋዎች አጠገብ በዝግታ ማለፍ፣ ከዚያም «ተኝተዋል» ወይም «ነቅተዋል» ከሚሉት ከሁለቱ ቃላት አንዱን በሰንጠረዥ ላይ መሙላት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ ለአንድ ሰው አርባ ቃል ይሆናል። በሦስተኛው ሌሊት ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ወንበሬ ላይ እንዳለሁ፣ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ 9 ሰዓት አልፏል። ደነገጥሁ፤ ግራና ቀኝ አየሁ፤ ማንም ያየኝ አልመሰለኝም፤ ያመለጡኝን አራት ረድፎች ለስድስቱም ሰው «ተኝተዋል፣ ተኝተዋል፣ ተኝተዋል» እያልሁ ሞላሁ።

ሲነጋ ሻይ ይዤላቸው ብሄድ፣ በመስኮቱ በኩል የሚተኙት እናት እንደ ወትሮው ፈገግ ብለው ተቀበሉኝ።

«እንዴት አደሩ፣ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሌሊት ሽንት ቤት ልሄድ ብዬ ተነሥቼ ደጋፊ አጣሁና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ቆየሁ እንጂ ደኅና ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልጠሩኝም?»

«አንተማ ተኝተህ ነበር፣ ልጄ። አንገትህ ወደ አንድ ወገን ዘምሞ አሳዘንኸኝ። እንዴት ብዬ ልቀስቅስህ?»

በዚያ ሌሊት በዚያ ክፍል ውስጥ የሌላውን ሰው እንቅልፍ በትክክል የተመለከተ አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እርሱም እኔ አልነበርሁም።

ይህን የምነግራችሁ ንስሐ ለመግባት ብቻ ብዬ አይደለም። ከእንቅልፌ ነቅቼ የፈጠርኋቸው ሃያ አራት ቃላት፣ በእውነት አይቼ ከጻፍኋቸው ከሁለት መቶ የሚበልጡ ቃላት በምንም አይለዩም ነበር። ያው እስክሪፕቶ፣ ያው የእጅ ጽሑፍ፣ ያው እርግጠኛነት። ጓደኛዬ ወደ ኮምፒዩተሩ ቢያስገባቸው ኖሮ ከእውነተኞቹ ጋር ተደምረውና ተካፍለው አማካይ ይወጣላቸው ነበር። ስለዚህ አስተያየቴ ይህ ነው፤ በመጦሪያ ቤት ውስጥ ስለ አንድ አረጋዊ እንቅልፍ የሚጻፍ ቃል እንደ ማንኛውም ምስክርነት መመርመር ይገባዋል። ማን አየ? በስንት ሰዓት? በምን ብርሃን? ሁለተኛ ምስክርስ አለ ወይ? እነዚህ ያልተጠየቁበት መዝገብ የሚያሳየን የጸሐፊውን ምቾት ነው።

የዚያን ቤት የሌሊት ተረኞች መዝገብ ገልጬ አይቻለሁ። ገጽ በገጽ «በሰላም አድረዋል፣ በሰላም አድረዋል» ይላል። ሁሉም ጎሕ ሲቀድ በአንድ ጊዜ የተጻፈ መሆኑ ከቀለሙ ያስታውቃል። እንዲህ ስል ተረኛዋን መውቀሴ እንዳይመስላችሁ። ያቺ እኅት አንድ ሙሉ ኮሪደር ብቻዋን ይዛ የረጠበውን ስትቀይር፣ የሚወድቀውን ስትደግፍ፣ የሚያቃስተውን ስታባብል ታድራለች። እርሷ «በሰላም አድረዋል» ስትል «የጮኸ የለም፣ የወደቀ የለም» ማለቷ ነው፤ በዚህ ትርጉሙም ቃሉ እውነት ነው። ችግሩ የሚመጣው መዝገቡ ወደ ሐኪም ጠረጴዛ ሲደርስ ነው። ሐኪሙ «ተኝተው አድረዋል» ብሎ ያነበዋል። ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ ያደሩት ዝምተኛ አባት በመዝገቡ ላይ ደኅና እንቅልፍ ያላቸው ሰው ይሆናሉ፤ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነቅተው የሟች ልጃቸውን ስም የተጣሩት ደግሞ «ሌሊቱን ሙሉ ሲረብሹ አደሩ» ይባላሉ። ከሁለቱ ክኒን የሚታዘዘው ለየትኛው ይመስላችኋል?

ራሳቸውን ብንጠይቃቸውስ የሚል ይኖራል። መጠየቅስ ይገባል። ነገር ግን በአገራችን አንድ ሽማግሌ «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ እንጂ «ከሌሊቱ 7 እስከ 9 ሰዓት ነቅቼ ነበር» አይሉም። ሰላምታ ነውና። በ1989 (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በአሜሪካ በፒትስበርግ የወጣውና ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት የእንቅልፍ መጠይቅ፣ ያለፈውን አንድ ወር እያሰቡ እንዲመልሱ ያዛል። የመርሳት በሽታ ይዟቸው የትናንቱን ራት ለማያስታውሱ ሰው አንድ ወር ምን ማለት ነው?

«እንግዲያስ መሣሪያ አለላችሁ» ይሉናል የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን፤ እነርሱ ለሁሉ ነገር መሣሪያ አላቸው። እውነት ነው፣ አለ። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር በ1924 የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀዳ በኋላ፣ በ1953 ደግሞ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን በእንቅልፍ ውስጥ ዐይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ጊዜ መኖሩን ካስታወቁ በኋላ፣ እንቅልፍን በሽቦ መከታተል ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። ዛሬ አንድ ሌሊት በሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ እየተቆረጠ ይነበባል፤ የስምንት ሰዓት ሌሊት 960 ቁራጭ ይሆናል ማለት ነው። የኔ በየሩብ ሰዓቱ የምትሞላ ሰንጠረዥ ከዚህ አጠገብ ስትቀርብ ታሳፍራለች። ዳሩ ግን ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን፣ ያሉበትን ቦታ በውል የማያውቁትን አባት በራሳቸው ቆዳ ላይ፣ በዐይናቸው አጠገብ፣ በአገጫቸው ሥር ኤሌክትሮድ ለጥፋችሁ «ይተኙ» በሏቸው እስቲ። ወይ ሲነቅሉት ያድራሉ፣ ወይ ፈርተው ሳይተኙ ያድራሉ። ያገኛችሁት ሌሊት የሽቦው ሌሊት ይሆናል።

ከዚህ የሚቀለው በእጅ አንጓ ላይ እንደ ሰዓት የሚታሰር፣ እንቅስቃሴን የሚቆጥር አክቲግራፍ የሚባለው ነው። በ1997 ሶንያ አንኮሊ-ኢዝራኤልና ባልደረቦቿ የመርሳት በሽታ ባለባቸው የመጦሪያ ቤት ነዋሪዎች ላይ ከአንጎል ሞገድ ጋር አስተያይተውት ጠቃሚ መሆኑን አሳይተዋል። እኔም አልንቀውም፤ ቢያንስ ወንበር ላይ አያንቀላፋም። ነገር ግን ለርሱ ያልተንቀሳቀሰ ሁሉ የተኛ ይመስለዋል። ጣሪያ ሲያዩ ያደሩት ዝምተኛ አባት እርሱንም ያታልሉታል። በእንቅልፍ ልባቸው ብዙ የሚንቀሳቀሱ ደግሞ ተኝተውም የነቁ ሊመስሉ ይችላሉ። አንዳንዶቹም ገና ሲታሰርላቸው «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ይፈቱታል፤ ትራስ ሥር የተቀመጠ መሣሪያ እጅግ ጥሩ እንቅልፍ ይተኛል።

ስለ መሣሪያው አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አልለፍ። ጓደኛዬ ከሕክምና ተማሪ ዘመዱ አንድ ተውሶ ለአንድ አባት አስሮላቸው ነበር። እኛ ሰንጠረዛችን ላይ በሌሊቱ 8 ሰዓት «ተኝተዋል» እንላለን፤ መሣሪያው በ8 ሰዓት በደንብ ሲንቀሳቀሱ ያሳያል። ሁለት ቀን ሙሉ ተጨቃጨቅን። ጓደኛዬ ዐይኔ እንደማያይ ሊያሳምነኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ለካ የመሣሪያው 8 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር የጧት ነው፤ በኛ 2 ሰዓት። ሰውዬው ቁርስ ላይ ነበሩ! ይህን የምታነብ የወደፊት ተመራማሪ ሁሉ በሰንጠረዥህ ራስ ላይ የማን ሰዓት እንደ ሆነ ጻፍ።

ወደ ዐይን እንመለስ፤ እውነቱን ለመናገር በአብዛኛው መጦሪያ ቤት ያለው መሣሪያ ዐይን ብቻ ነውና። ተመልካች ምን ማየት አለበት? ዐይኑ ተከድኗል ወይ፣ ትንፋሹ ዝግና እኩል ነው ወይ፣ በዓላማ የተደረገ እንቅስቃሴ አለ ወይ። ቀላል ይመስላል። ግን ከምሳ በኋላ ባለው ሌክቸር ዐይኑን ገልጦ የሚተኛ ሰው በመካከላችን እንዳለ ሁላችን እናውቃለን፤ በዶርም ውስጥም ወጪ እንዳይካፈል የተኛ የሚመስል አለ። አረጋውያኑ ደግሞ በብርድ ሌሊት ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ተከናንበው ነው የሚተኙት። ዐይን የለ፣ አፍ የለ፤ ነጭ ጋቢ ብቻ። ትንፋሹን ለማየት የስልክ መብራት ካበራህ ትቀሰቅሳቸዋለህ፤ ካላበራህ ትገምታለህ። እኔ በመጀመሪያው ሌሊት አበራሁ። አንዱ አባት ከጋቢው ሥር «ገና አልሞትሁም፣ ሂድ» አሉኝ። በሰንጠረዡ ላይ «ነቅተዋል» ብዬ ጻፍሁ። ያነቃኋቸው እኔ መሆኔን የምጽፍበት ዓምድ አልነበረም።

እኒሁ አባት በየሌሊቱ ከ10 ሰዓት ጀምሮ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ይገኛሉ። በአራት ተከታታይ ሌሊት በዚያ ሰዓት «ነቅተዋል» የሚል ሲደረደር ጓደኛዬ በጎን «ያለ ጊዜ መንቃት» ብሎ ጻፈበት። በእርጅና ዘመን እንቅልፍ ቀደም ብሎ መምጣቱና ቀደም ብሎ መሄዱ በምርምርም የታወቀ ነው። ሰውዬውን ብንጠይቃቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን ለኪዳን ጸሎት በዚያ ሰዓት ሲነሡ የኖሩ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ራቀባቸው እንጂ ሰዓቱ አልራቀባቸውም። እንግዲህ ምልከታችን ትክክል ነበር፤ ስያሜያችን ስሕተት ነበር። በትክክል ማየት ያየኸው ምን እንደ ሆነ ከማወቅ ጋር አንድ አይደለም።

ሁለተኛ ምስክር ያልሁትን አሁን ላብራራ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት አለና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች አትሽሹ። እኔና ጓደኛዬ በአንድ ሌሊት አንዳችን የሌላውን ወረቀት ሳናይ መቶ ምልከታ አድርገን 88 ጊዜ ተስማማን እንበል። ያኮራል። ነገር ግን ሌሊት ነው፤ «ተኝተዋል» ብሎ መጻፍ የሚቀል ነው። ሁለታችንም አልጋዎቹን ጨርሶ ሳናይ ከመቶው ዘጠና ጊዜ «ተኝተዋል»፣ አሥር ጊዜ «ነቅተዋል» እያልን እንዲሁ ብንበትን፣ በዕድል ብቻ 82 ጊዜ ያህል እንስማማለን፤ 81 በመጀመሪያው ቃል፣ 1 በሁለተኛው። ስለዚህ ከዕድል በላይ ልናተርፍ ከምንችለው 18 ውስጥ ያተረፍነው 6 ብቻ ነው፤ ሲሶ። ይህን ስሌት በ1960 ያስተዋወቀው ያዕቆብ ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ነው፤ ካፓ ይባላል። እኔ ከዚህ ስሌት የተማርሁት፣ ሁለት ሰነፎች ብዙ ጊዜ የሚስማሙ መሆናቸውን ነው። በመጦሪያ ቤት ውስጥ በዐይን የሚደረግ የእንቅልፍ ምልከታ ይታመን እንደ ሆነ የሚመረምር ጽሑፍም ጂስካ ኮኸን-ማንስፊልድና ባልደረቦቿ በ1990 አሳትመዋል። ይህ ጥያቄ ለምርምር የሚበቃ መሆኑን ያወቁ ሰዎች ከኛ በፊት ነበሩ።

በትዕግሥት ያዩ ሰዎች ያገኙትን ደግሞ ስሙ። በካሊፎርንያ በሳንዲያጎ በ1989 በታተመ ጥናት፣ ሃያ አራቱን ሰዓት ሙሉ ሲከታተሏቸው፣ የመጦሪያ ቤት ነዋሪዎቹ በሌሊት አንድ ሙሉ ሰዓት ያለ ማቋረጥ ሲተኙ፣ በቀንም አንድ ሙሉ ሰዓት ነቅተው ሲቆዩ እምብዛም አልተገኙም። እንቅልፋቸው እንደ ተሰበረ ሸክላ በቀንና በሌሊት ተበትኖ ነበር። በሎስ አንጀለስ ጆን ሽኔልና ጓደኞቹ በ1990ዎቹ ሌሊቱን ሲመረምሩ ደግሞ፣ ነዋሪዎቹን የሚቀሰቅሳቸው ብዙውን ጊዜ የቤቱ ጫጫታ፣ የሚበራው መብራትና ዳይፐር ለመቀየር የሚመጣው ሠራተኛ መሆኑን አሳዩ። ይህን ሳነብ በሜሪላንድ በእንዲህ ዐይነት ቤት የሌሊት ተረኛ ሆና የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ትዝ አለችኝ። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት መጦሪያ ቤቶች ስንት የኛ አገር ልጅ እንደሚሠራ ከናንተ መካከል ብዙው ያውቃል። እርሷ በስልክ ስትነግረኝ፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ግዴታ ነው፤ መብራት ታበራለች፣ ታገላብጣለች፣ ትፈርማለች። «ቆዳቸውን ስጠብቅ እንቅልፋቸውን እሰርቃለሁ፤ ለቆዳው የምፈርምበት ወረቀት አለ፣ ለእንቅልፉ የለም» ነበር ያለችኝ።

በዚያው በሎስ አንጀለስ ካቲ አሌሲና ባልደረቦቿ በ2005 ባሳተሙት ሙከራ፣ በአራት መጦሪያ ቤቶች የሚኖሩ 118 ሰዎችን ወስደው፣ ለከፊሎቹ በቀን ከአልጋ ማስነሣትን፣ የፀሐይ ብርሃንን፣ እንቅስቃሴን፣ የተወሰነ የመኝታ ሰዓትን፣ በሌሊትም ጫጫታና መብራት መቀነስን አንድ ላይ ሰጧቸው። ጎልቶ የታየው ለውጥ በሌሊቱ እንቅልፍ ላይ አልነበረም፤ በቀን መተኛታቸው ነው የቀነሰው። አስቡት፤ እኛ እንዳደረግነው ሌሊቱን ብቻ የሚመለከት ሰው ቢሆን «ምንም አልተለወጠም» ብሎ ይሄድ ነበር። በዚያ ቤት ሳለን በቀን የሚያንቀላፉትን አንድም ቀን አልቆጠርንም። ከቁርስ በኋላ በረንዳው ላይ ግድግዳ ተደግፈው በተርታ ሲያንቀላፉ አይተን «ፀሐይ እየሞቁ ነው» ብለን አለፍን።

ስለ ክኒኑ ደግሞ በአጭሩ። በ1987 በአሜሪካ የታተመ ምርምር፣ በሰውነት ውስጥ ለረጅም ሰዓት የሚቆዩ የእንቅልፍ መድኃኒቶችን የሚወስዱ አረጋውያን የዳሌ አጥንት ስብራት እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። በ1991 ማርክ ቢርስ የተባለው ሐኪምና ጓደኞቹ ለአረጋውያን የማይስማሙ መድኃኒቶችን ዝርዝር መጀመሪያ ያወጡት ለመጦሪያ ቤት ነዋሪዎች ብለው ነው። አንድ ሰው ስለ እንቅልፉ በተጻፈ ሐሰተኛ ቃል መድኃኒት ቢሰጠው፣ በመድኃኒቱም ደንዝዞ ሌሊት ሲነሣ ቢወድቅ፣ ቃሉን የጻፈው ሰው በፍርድ ቤት አይከሰስም። የኔ ሃያ አራት ቃላት ማንንም አልጣሉም። ያቺ እናት ግን ጨለማ ውስጥ ብቻቸውን ለመቆም ሞክረው ኖሮ ሊወድቁ ይችሉ ነበር፤ ወረቀቱም በዚያች ሰዓት «ተኝተዋል» ይል ነበር።

በዚህ አሳቤ ላይ የሚነሡብኝን ተቃውሞዎች አልሸሽም። አንዲት ሲስተር «ገንዘቡን አምጡና ሰው ቅጠሩልኝ፤ ከዚያ በየሩብ ሰዓቱ እጽፍላችኋለሁ» ብላኛለች። መልስ የለኝም፤ ትክክል ናት። ያላየችውን ግን «አላየሁም» ብላ እንድትጽፍ የሚያስችል ሦስተኛ ቃል በመዝገቡ ላይ መጨመር ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለቱን ቃላት ብቻ የሚሰጥ ሰንጠረዥ ሰውን ወደ ውሸት ይገፋል፤ እኔን ገፍቶኛል።

ሌላው የሚከብደኝ ነው። የተኛን ሰው ቆሞ ማየት ምን መብት አለን? የሰው ልጅ ሲተኛ ራሱን ይገልጣል። በእንቅልፉ ይናገራል፣ ያለቅሳል፣ ልብሱ ይገለባል። የቤቱ አስተዳደር ፈቅዶልናል፤ ከአረጋውያኑም መናገር የሚችሉት ፈቅደውልናል። የማይችሉትስ? ለነርሱ ቤተ ዘመድ ይጠየቅ ይባላል፤ ዘመድ ስለሌላቸው ነው እዚያ ያሉት። እኔ እስካሁን የደረስሁበት፣ ለነርሱ አንዳች ጥቅም የማያመጣ ምልከታ ከሆነ አለማየት ይሻላል የሚል ነው። ጓደኛዬ ግን ሳናይ ጥቅሙን በምን እናውቃለን ይለኛል። ክርክራችን አላለቀም።

ስሕተቴን ለርሱ የነገርሁት በማግሥቱ ነው። ተቆጣ፣ ቀጥሎም ሳቀ። አራቱን ረድፍ በአንድ መስመር ሰርዘን በጎናቸው «ተመልካቹ ተኝቶ ነበር» ብለን ጻፍን። ከሰንጠረዡ ሁሉ በሁለት ምስክር የተረጋገጠችው ቃል እርሷ ናት።

ከፈተና በኋላ እንደገና ልንገባ ነው፤ አሁን ቀንም ሌሊትም። ሰው ያስፈልገናል። ሁለት ሁለት ሆኖ የሚቀመጥ፣ አንዱ የሌላውን ወረቀት የማያይ፣ ከአራት ሰዓት በላይ ሳይቆይ የሚተካ። የምትመጡ ድምፅ የሌለው ጫማ አድርጉ፤ የስልካችሁን መብራት አታብሩ፤ ሌሊቱ ስለሚበርድ ጋቢ ያዙ። ስማችሁን በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ በለጠፍሁት ወረቀት ላይ ጻፉ። በመስኮቱ በኩል ያሉትን እናት ደግሞ፣ ከእንግዲህ ያንቀላፋ ሰው ካዩ ሳያዝኑ እንዲቀሰቅሱት ለምኛቸው፣ ከብዙ ማንገራገር በኋላ እሺ ብለዋል።